ምዕራፍ ስድስት፦ ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና ስለ ጨንቻ ዳገት

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ በዶርዜ በኩል ወደ ጨንቻ የሚወጣ መንገደኛ፣ ከሙዝና ከማንጎ አገር ወደ ቀርከሃና ወደ እንሰት አገር የሚሻገርበት መንገድ 40 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,285 ሜትር ያህል ከሆነው ቆላ 2,700 ሜትር ወደሚደርሰው ደጋ ስለሚያወጣው፣ በአንድ ማለዳ የሁለት አየር ጠባይዕ ያሳየዋል። ጨንቻ በቀድሞው ዘመን የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መዲና ነበረች፤ በ1950ዎቹ የአስተዳደሩ መንበር ወደ አርባ ምንጭ ከወረደ በኋላም የሁለቱ ከተሞች ዝምድና ስላልተቋረጠ፣ ደገኛው ለገበያና ለሕክምና ይወርዳል፣ ቆለኛውም ለዘመድ ጥየቃና ለለቅሶ ይወጣል። ይህን ዳገት ዛሬ ከጭነት አይሱዙውና ከሚኒባሱ ጋር ትናንሽ የቤት መኪናዎች፣ ይልቁንም እንደ ቪትስና እንደ ያሪስ ያሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው፣ ሲወጡት ይታያል። ስለ ካምቢዮ ዘይት ሊጽፍ የተነሣ ሰው ከዚህ ዳገት ቢጀምር ከነገሩ አልራቀም፤ ዘይቱ የሚፈተነው እዚህ ነውና።

ፈተናው በቍጥር ሊታይ ይችላል። ከተሳፋሪዎቹና ከጓዙ ጋር 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝንን መኪና 1,400 ሜትር ሽቅብ ለማንሣት፣ የጎማውንና የነፋሱን ተቃውሞ ሳንቈጥር፣ 16.5 ሚሊዮን ጁል ያህል ሥራ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ኃይል ከሞተሩ ወደ ጎማው የሚደርሰው በካምቢዮው ውስጥ አልፎ ነው፤ ሲያልፍም ከዐሥር እጅ አንዱ ብቻ በመንሸራተትና በመፋተግ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ በካምቢዮው ውስጥ ያለው 6 ሊትር ያህል ዘይት ማቀዝቀዣ ባይኖረው ኖሮ፣ ጨንቻ ሲደርስ ሙቀቱ ከተነሣበት ከ150 ዲግሪ በላይ ከፍ ባለ ነበር። እንዲህ የማይሆነው ዘይቱ ያለ ዕረፍት ወደ ራዲያተሩ እየተመላለሰ ሙቀቱን ስለሚያራግፍ ነው። ነገር ግን መኪናው በዝግታ ሽቅብ ሲጓዝ ራዲያተሩን የሚያገኘው ነፋስ ጥቂት ነው፤ ጉዞው የሚጀመርበት የአባያና የጫሞ ዳርቻም በቀትር ከ30 ዲግሪ በላይ የሚሞቅበት ወራት ብዙ ነው። ስለሆነም በአምራቹ መጽሐፍ ውስጥ ለሜዳና ለቀዝቃዛ አገር የተጻፈውን የኪሎ ሜትር ቍጥር እንዳለ ተቀብሎ በጋሞ ዞን መንዳት ካምቢዮን ያለ ዕድሜው ማስረጀት ነው፤ የዚህ ምዕራፍም ነገር በሙሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ካምቢዮው ምን እንደሚሠራ ማየት ይገባል። ማርሹ በእጅ በሚለወጥበት መኪና በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ፍሪሲዮን አለ፤ በአውቶማቲኩ ግን በዚያ ስፍራ የቆመው ዘይት ነው። ቶርክ ኮንቨርተር በተባለው ክብ የብረት ዕቃ ውስጥ ባለ ክንፍ የሆኑ ሁለት መንኰራኵሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ አንዱ ከሞተሩ ጋር ይዞራል፣ ሁለተኛው ወደ ማርሾቹ ያስተላልፋል፣ እርስ በርሳቸው ግን አይነካኩም። ፊተኛው ሲዞር ዘይቱን ወደ ሁለተኛው ይወረውረዋል፤ የወንዝ ዳር ወፍጮ በሚወርደው ውኃ ግፊት እንደሚዞር ሁሉ፣ ሁለተኛውም በዘይቱ ግፊት ይዞራል። በመካከል ያለው ሦስተኛ ትንሽ መንኰራኵር የሚመለሰውን ዘይት መንገዱን አስለውጦ እንደገና እንዲያግዝ ስለሚያደርገው፣ መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ወይም ጽኑ ዳገት ሲይዝ የሞተሩ የማዞር ጉልበት ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ይህን ጥበብ ያገኘው ኸርማን ፎቲንገር የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው፤ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1905 የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ለመርከብ እንጂ ለመኪና አልነበረም። በዘይት ኃይልን የሚያስተላልፍ አውቶማቲክ ካምቢዮ በብዛት ተሠርቶ ለሕዝብ የተሸጠው ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሃይድራማቲክ የተባለውን በ1939 በኦልድስሞቢል መኪና ላይ ካወጣ ወዲህ ነው።

ከዚህ በስተኋላ ያሉት ማርሾች ፈለካዊ ሥርዓት አላቸው። ፀሐይ የተባለው ባለ ጥርስ መንኰራኵር በመካከል ይቆማል፤ ትናንሾቹ በዙሪያው ይመላለሳሉ፤ እነርሱንም በውስጡ ጥርስ ያለው ሰፊ ቀለበት ይከባቸዋል። ከሦስቱ ወገን አንዱ ሲታሰርና ሌላው ሲፈታ የመኪናው ፍጥነትና ጉልበት ይለወጣል፤ የሚያስረውና የሚፈታውም ያው ዘይት ነው። ፖምፓው በሚሰጠው ግፊት በጠባብ ቦዮች አልፎ ስስ የሆኑትን የፍሪሲዮን ዲስኮች አንዱን በሌላው ላይ ይጫናል፤ ግፊቱ ሲነሣም ይለያያሉ። እንግዲህ የዚህን ዘይት ግብር ስንመረምር ኃይል አስተላላፊም፣ ትእዛዝ አድራሽም፣ አቀዝቃዥም፣ አለስላሽም ሆኖ እናገኘዋለን። የሞተር ዘይት ሲያረጅ ብረቱ ቀስ በቀስ ይበላል፤ የካምቢዮ ዘይት ሲያረጅ ግን ከመበላቱ በፊት ሥርዓቱ ይፈርሳል። ማርሹ ዘግይቶ ይገባል፤ ከፒ ወደ ዲ ሲዛወር መኪናው ይመታል፤ በአርባ ምንጭ ከተማ ውስጥ ከሲቀላ ሰፈር ወደ ሴቻ ሰፈር በሚወጣው ዳገት እንኳ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አይከተለውም።

ዘይቱን የሚያስረጀው ከዘመኑ ይልቅ ሙቀቱ ነው። የኬሚስትሪ ሊቃውንት በግምት ሲናገሩ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ዘይቱ ከኦክሲጅን ጋር የሚዋሐድበት ፍጥነት እጥፍ ይሆናል ይላሉ። በዚህ ስሌት በ90 ዲግሪ ሲሠራ የሚኖረው ዘይት በ120 ዲግሪ ዘወትር ቢሠራ ዕድሜው ከስምንት እጅ ወደ አንድ ይወርዳል ማለት ነው። አንዳንድ የመኪና አምራቾች የካምቢዮው ዘይት ለዕድሜ ልክ የተሞላ ነው ብለው ይጽፋሉ፤ ነገር ግን ለታላላቅ የመኪና ፋብሪካዎች ካምቢዮ የሚሠራው ዜድ ኤፍ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ራሱ እንደ አነዳዱ ሁኔታ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ዘይቱ እንዲለወጥ ይመክራል። ዕድሜ ልክ የሚለው ቃል በአዲስ ለገዛ ሰው ይጠቅመው ይሆናል፤ ወደ አርባ ምንጭ የሚደርሰው መኪና ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ በሌላ አገር ያገለገለ ነው። ደግሞም በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና በጤና ማቆየት ከቀድሞው ይልቅ የሚያስፈልግ ሆኗል። በእኔ አሳብ ዘወትር ጨንቻ የሚወጣ መኪና በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ፣ በከተማና በሶዶ መንገድ የሚያገለግለው በየ60,000ው ዘይቱን ቢለውጥ የተገባ ነው።

ባለቤቱ ከመለወጡ በፊት አሮጌውን ዘይት ይመርምር። መለኪያ ዘንግ ባለው መኪና ዘንጉን አውጥቶ በነጭ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። አዲሱ ዘይት ከሞተር ዘይት እንዲለይ በቀይ ቀለም የተቀባ ስለሆነ፣ ገና ጤናማ ሲሆን ቀይና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ ሲያረጅ ይጠይማል፤ ጠቍሮ የመቃጠል ሽታ ከሸተተ ዲስኮቹ መጐዳት ጀምረዋል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ወተት የተቀላቀለበት መስሎ የነጣው ነው፤ ይኸውም ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። ውኃ የሚገባበት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በራዲያተሩ ውስጥ የተቀመጠው የዘይት ማቀዝቀዣ ሲቀደድ ነው፤ በአገራችን ብዙ ሰው በራዲያተር ውስጥ ዝገት የሚከለክለውን ፈሳሽ ትቶ ተራ ውኃ ስለሚጨምር ብረቱ ከውስጥ እየተበላ ይሄዳል፣ ጉዳቱም ከራዲያተሩ አልፎ ካምቢዮውን ይገድላል። ሁለተኛው በሚያዝያና በግንቦት ዝናብ በጎርፍ የሞላ መሻገሪያን ሰብሮ በማለፍ ነው፤ ካምቢዮው የሚተነፍስበት ትንሽ ቀዳዳ ስላለው፣ የጋለው ዕቃ ድንገት ውኃ ውስጥ ሲገባና ሲቀዘቅዝ በዚያች ቀዳዳ ውኃውን ይስባል። በዲስኮቹ ላይ የተለጠፈው የፍሪሲዮን ነገር በውኃ ይላቀቃልና፣ እንዲህ ያለውን ዘይት ያየ ባለ መኪና አንድ ቀን እንኳ መንዳት የለበትም።

አሁን ወደ ዘይቱ ምርጫ እንምጣ፤ ከሁሉ የሚበዛው ጥፋት የሚፈጸመው በዚህ ነውና። የካምቢዮ ዘይት የሚለያየው በውፍረቱ ብቻ አይደለም፤ ዲስኮቹ ሲያያዙ ምን ያህል እንዲንሸራተቱና በምን ያህል ጊዜ እንዲጨብጡ የሚወስነው በውስጡ ያለው ጥቂት ቅመም ነው። በመጀመሪያው ዘመን ይህ ቅመም የሚገኘው ከዓሣ ነባሪ ስብ ነበር፤ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ዓሣ ነባሪውን ከጥፋት ለመጠበቅ ዘይቱን በከለከለች ጊዜ፣ የዘይት ፋብሪካዎች በላቦራቶሪ የተሠራ ምትክ ለመፈለግ ተገደዱ። ያ ፍጡር ለመኪና ሲባል መታደዱ የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ምትኩ ግን ዛሬ ከቀድሞው የተሻለ ሆኖ ይገኛል። ዴክስሮን የተባለው የጄኔራል ሞተርስ መስፈርት እያደገ እስከ ስድስተኛው ደርሷል፤ ቶዮታም ቀድሞ ቲ አራት የተባለውን፣ ኋላም ከእርሱ የቀጠነውን ደብልዩ ኤስ የተባለውን ለየካምቢዮው ያዝዛል፤ አንዱ በሌላው ስፍራ አይገባም። ከዚህ ሁሉ የሚለየው ደግሞ ሲቪቲ የተባለው ካምቢዮ ነው፤ በብዙዎቹ ቪትሶች ውስጥ ይገኛል። በእርሱ ውስጥ ማርሽ በየደረጃው አይለወጥም፤ የብረት ቀበቶ በሁለት መንኰራኵሮች መካከል ተጨምቆ እንዳይንሸራተት ተይዞ ይዞራል፤ ስለዚህም ለሲቪቲ የተሠራውን ዘይት ካላገኘ ቀበቶው መንኰራኵሩን ይፍቀዋል። ሲቪቲ ያለውና ባለ ማርሹ መኪና ከውጭ አንድ ስለሚመስሉ በመልክ መፍረድ አይቻልም። የዘይቱ ስም በመለኪያው ዘንግ ላይ ወይም በመኪናው መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል፤ እርሱን በወረቀት ገልብጦ ወደ መለዋወጫ ሱቅ መሄድ፣ በሱቁም ማኅተሙ ያልተነካ ዕቃ መግዛት ይገባል። የሙዝ ጭነት መኪናዎችን ካምቢዮ በመጠገን የታወቁት ባለ ሙያዎች በጥበባቸው የሚመሰገኑ ናቸው፤ ነገር ግን ለእነዚያ የሚሆነው ወፍራም ዘይት ለአውቶማቲኩ መርዝ መሆኑን ባለቤቱ ራሱ ያስብ።

ሥራው በቤት ግቢ ሊሠራ ይችላል፤ የሚፈልገው ከጥንካሬ ይልቅ ትዕግሥትና ንጽሕና ነው። ዘይቱ በሚገባ እንዲፈስ መኪናውን ሩብ ሰዓት ያህል በከተማ ውስጥ መንዳት ይበቃል፤ ከጨንቻ ቍልቍለት እንደወረደ ግን መክፈት እጅን ማቃጠል ነው። መኪናው በተስተካከለ ቦታ ይቁም፤ ጎማዎቹ በድንጋይ ወይም በእንጨት ይታገዱ፤ በክሪክ ከተነሣ በኋላም ጽኑ የብረት መቆሚያ ከሥሩ ሳይገባለት ማንም ሰው ራሱን ከመኪና በታች አያስገባ። ይህን ቃል በጽኑ የምናገረው በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሰው የሚገድል ስለሆነ ነው። ነፋስ አቧራ የሚያነሣበትን ከሰዓት በኋላ ትቶ ማለዳ መሥራት ይሻላል፤ በካምቢዮው ቦዮች ውስጥ የገባች ቅንጣት አሸዋ ትእዛዝ ማስተላለፊያውን ትዘጋለችና።

የመፍሰሻውን ብሎን ከመፍታት በፊት የሚሞላበት ቀዳዳ መከፈት እንደሚችል መረጋገጥ አለበት፤ የሞላውን አፍስሶ መሙያው ዝጎ እምቢ ቢል መኪናው በግቢ ቆሞ ይቀራል። ቀጥሎም ብሎኑ በእርግጥ የካምቢዮው መሆኑ ይታወቅ፤ የሞተሩን ዘይት በስሕተት አፍስሶ በካምቢዮው ላይ አዲስ ዘይት የሚደርብ ሰው ሁለቱንም በአንድ ሰዓት ያበላሻል። የፈሰሰው ሁሉ መስፈሪያ ባለው ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ተጠራቅሞ መጠኑ ይለካ፤ የሚሞላው የወጣውን ያህል ነውና። የታችኛው ሳህን የሚፈታ ሲሆን ከውስጡ ማጣሪያውና ማግኔቶቹ ይገኛሉ። በማግኔቱ ላይ የተለጠፈ ግራጫ ለስላሳ ጭቃ የአገልግሎት ምልክት ስለሆነ ጠርጎ መመለስ ይበቃል፤ ስባሪ ብረት ከተገኘ ግን ጉዳቱ ዘይት በመለወጥ አይድንም። ሳህኑ ሲመለስ አዲስ ጓርኒሲዮን ይደረግለት፤ ብሎኖቹም በአንድ ወገን ተጀምረው እስከ መጨረሻ የሚጠብቁ ሳይሆን፣ በመስቀል አምሳል ተራ በተራ ጥቂት በጥቂት ይጥበቁ። የካምቢዮው አካል አሉሚኒየም ስለሆነ ከልክ በላይ ያጠበቀ ሰው ጥርሱን ይልጠዋል።

አዲሱ ዘይት በመለኪያው ዘንግ ቀዳዳ ቀስ ተብሎ ከተሞላ በኋላ ሞተሩ ይነሣ፤ እግር በፍሬን ላይ ሆኖ ማርሹ በፒ፣ በአር፣ በኤንና በዲ እያንዳንዱ ጋ ጥቂት እየቆየ ይመላለስ፤ ከዚያም ወደ ፒ ተመልሶ ሞተሩ ሳይጠፋ ልኩ ይታይ። ይህ የቶዮታና የብዙዎቹ ሥርዓት ነው፤ ሆንዳ ግን ሞተሩ ጠፍቶ ወዲያው እንዲለካ ያዝዛል። በዘንጉ ላይ ሁለት ምልክቶች አሉ፤ አንዱ ለቀዝቃዛ፣ አንዱ ለሞቀ ዘይት ነው፤ የሚታመነው የሞቀው ነው። ዘንግ የሌላቸው አዳዲስ መኪናዎች ዘይቱ በመጽሐፋቸው የተወሰነው ሙቀት ላይ ሲደርስ በሥር ባለ ቀዳዳ ትርፉ እየፈሰሰ የሚለኩ ናቸውና፣ ሙቀቱን የሚያነብብ መሣሪያ ለሌለው ሰው ይህን በቤት መሥራት አልመክርም። ማነስ እንደሚጐዳ ሁሉ መብዛትም ይጐዳል፤ ዘይቱ ከልኩ ሲያልፍ የሚዞሩት ማርሾች ይደርሱበትና አረፋ ያደርጉታል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አይችልም፣ ዲስኮቹም ሳይጨብጡ እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ።

ከላይ በተባለው መንገድ የሚወጣው ዘይት ሁሉም አይደለም። ከፊሉ በቶርክ ኮንቨርተሩና በማቀዝቀዣው ቧንቧዎች ውስጥ ይቀራል፤ 6 ሊትር ከሚይዘው ካምቢዮ በአንድ ጊዜ የሚፈሰው ብዙ ጊዜ ከግማሽ አይበልጥም። ሦስት ሊትር ወጥቶ ሦስት ቢገባ ግማሹ ይታደሳል፤ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ተነድቶ ሥራው ቢደገም ሦስት አራተኛው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ቢደረግ ከመቶ 87.5 እጁ ይታደሳል። በአንዳንድ ጋራዥ በመሣሪያ ግፊት ሁሉን በአንድ ጊዜ የሚያጥብ ዘዴ አለ፤ ዘይቱ በጊዜው ሲለወጥ ለኖረ መኪና መልካም ነው። ለብዙ ዓመት ላልተነካ መኪና ግን የቀስታውን መንገድ እመርጣለሁ።

ይህን ያነሣሁት በሾፌሮች ዘንድ የጸና አንድ ፍርሃት ስላለ ነው፤ አሮጌ ካምቢዮ ዘይቱ ከተለወጠ ይሞታል ይባላል። ነገሩ ሥር የሌለው አይደለም። ዲስኮቹ በተበሉበት ካምቢዮ ውስጥ ከእነርሱ የተፈገፈገው ደቃቅ በዘይቱ ተበትኖ መጨበጫ ይሆናል፤ አዲሱ ዘይት ሲገባ ይህ ይጠፋና የተሰወረው ጉዳት ይገለጣል። ደግሞም ብዙ ሰው ዘይት ለመለወጥ የሚያስበው መኪናው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ስለሆነ፣ ሊሞት የቀረበውን ካምቢዮ ዘይቱ ገደለው ይባላል። ማርሹ በሥርዓት የሚገባ፣ ዘይቱም ጠይሞ እንጂ ተቃጥሎ ያልተገኘ መኪና ባለቤት በዚህ ወሬ መፍራት አይገባውም። ዲስኮቹ ያለቁበት ሰው ግን ገንዘቡን በዘይት ከማባከን ይልቅ ለባለ ሙያ ቢያሳይ ይሻላል።

ከሥራው በኋላ በዕቃ ውስጥ የተጠራቀመው ሦስት ሊትር ጥቍር ዘይት ይቀራል። በአገራችን የተቃጠለ ዘይት ለአጥርና ለቤት ምሰሶ እየተቀባ ከምስጥ መከላከያ ሆኖ ኖሯል፤ ምስጥ የቀርከሃ ቤታቸውን ከሥሩ እየበላ ከዘመን ወደ ዘመን በሚያሳጥርባቸው በዶርዜዎች አገር ይህን የሚፈልግ ሰው ቢኖር አያስገርምም። ነገር ግን ምሰሶ የሚቀበረው በመሬት ውስጥ ነው፤ ዘይቱም ከአሮጌ ብረት የወሰደውን ሁሉ ይዞ ወደ አፈሩ ይወርዳል። አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችበትና የምትጠጣው የምንጮች ውኃ ከተራራው ሥር የሚፈልቅ ነው፤ ከሴቻና ከሲቀላ የሚወርደው ጎርፍም ወደ ባሕር መውጫ በሌላቸው ሐይቆች ይጠራቀማል፤ የጫሞ ዓሣም ከዚያው ይወጣል። ስለዚህ ዘይቱ በግቢ ወይም በቦይ አይደፋ፤ አዲሱ በመጣበት ጀሪካን ተመልሶ፣ ክዳኑ ተጠብቆ፣ ያገለገለ ዘይት ለሚያጠራቅም ጋራዥ ይሰጥ። የተለወጠበት ቀን፣ የኪሎ ሜትሩ ቍጥርና የዘይቱ ዓይነት በወረቀት ተጽፎ ከመኪናው መጽሐፍ ጋር ይቀመጥ፤ ከሳምንት በኋላም መኪናው ባደረበት መሬት ላይ ቀይ ጠብታ መኖሩ ይታይ፤ ካለ የመፍሰሻው ብሎን ወይም የሳህኑ ጓርኒሲዮን በሚገባ አልተገጠመም ማለት ነውና፣ ወደ ጨንቻ ከመውጣት በፊት ይስተካከል።